ሙና ከአማቷ የደበቀችው

በእኛ ጊዜ፣ እንግዲህ ኢሕአዴግ ገብቶ ገና ሁለት ሦስት ዓመቱ ነው፣ አሁን አንቺ እንደወለድሽው ልጅ ላንቃው ክፍት ሆኖ የተወለደ እንደሆነ ማንም አፉን ሞልቶ አያወራም ነበር፤ ይደበቃል። ከንፈሩ የተሰነጠቀማ በምን ይደበቃል፣ ፊት ላይ ነው። ላንቃ ግን ውስጥ ነው፣ ማን ያያል? ጉዱን ያመጣው እሱ ነው፣ ስሚኝ ልጄ።

ያኔ ሸማ ተራ ነጠላ እሸጣለሁ። ሙና የምትባል፣ ግቢያችን ተከራይታ የምትኖር ልጅ ትቋጭልኛለች። እጇ! እንደሷ የሚቋጭ አላየሁም። ባሏ ከድር አትክልት ተራ ሽንኩርት ያራግፋል። ታዲያ ወለደች፣ ሴት ልጅ፣ ፎዚያ አሏት፣ ከንፈሯ ደህና፣ ዓይኗ ደህና፣ ምን የመሰለች ልጅ። እና ጡት ስትሰጣት ወተቱ ተመልሶ በአፍንጫዋ ይወጣል። ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትይዛለች፣ ትለቃለች። ጎረቤቱ ሁሉ «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪያት!» አለ። እኔ «ተዉ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያት» ብዬ ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን።

ነርሷ በባትሪ አየቻት። «ላንቃዋ ክፍት ነው፣ መጥባት ያቃታት ለዚህ ነው» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አየሽ እህቴ፣ አጋድመሽ እንዳትሰጫት፣ ቀና አድርገሽ ያዣት። ጡትሽን በንጹሕ ስኒ አልበሽ ከታችኛው ከንፈሯ አስጠጊላት፣ ራሷ ትቅመስ፣ እንዳታፈሽባት። ትንሽ ሰጥተሽ አረፍ በይ፣ አስገሺያት። ስትጨርስ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብ አድርጊላት፣ አፏን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጊላት፣ ወተቱ ክፍቱ ውስጥ እንዳይቀር። ጠንከር ስትል ሐኪም ይሰፋላታል» አለቻት።

ታዲያ ሙና ስኒዋን ይዛ ቀን ከሌት! አንዷን ስኒ እስክታስጨርስ እኔ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። እና ልጅቷ ፊቷ ሞላ ሞላ አለ፣ መሳቅ ጀመረች።

ይሄኔ የከድር እናት የልጅ ልጇን ልታይ ከአገር ቤት መጣች። ሙና እግሬ ላይ ወደቀች። «እትዬ፣ በአላህ፣ እንዳይነግሩብኝ! ‹በእኛ ዘር የለም፣ ከአንቺ ነው› ብላ ከባሌ ታፋታኛለች።» «ኧረ ልጄ፣ ይሄ ተደብቆ የሚያድግ ነገር አይደለም፣ ንገሪያት» አልኳት። «እነግራታለሁ፣ ትንሽ ትልመደኝ» አለች። ለአማቷ «ጉንፋን ይዟት ነው፣ ሐኪም በስኒ ስጫት ብሎኝ ነው» አለቻት።

አማትየዋ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ይህን ያዢልኝ። ልጅቷን ከጭኗ አታወርዳትም። «ወይኔ፣ ልጅ በጠብታ ያድጋል እንዴ? እየራባት እኮ ነው!» ትላለች።

ታዲያ የፋሲካ ሰሞን ገበያው ደርቶ፣ ሙና የቋጨችውን ልታስረክበኝ ሸማ ተራ መጣች። አማቷ ሆዬ አብሽ በጥብጣ ኖሯል። ልጅቷን ጭኗ ላይ በጀርባዋ አጋደመችና በመዳፏ ጋተቻት። እኛንስ እንዲያ እየጋቱን አይደል ያሳደጉን?

ሙና ስትመለስ ልጅቷ ትን ብሏት ፊቷ ጠቁሯል። አቅፋት ሮጠች። ጤና ጣቢያ ሳትደርስ እጇ ላይ ቀረች።

አማትየዋ ደረቷን እየደቃች፣ «ምን አደረግኋት? አብሽ እኮ ነው የሰጠኋት! እንድትጠነክርልኝ አብሽ እኮ ነው የሰጠኋት!» ትላለች። ሙና ያኔም ስለ ላንቃው አልነገረቻትም። ሴትዮዋም እንዲሁ ሳታውቅ አገሯ ገባች። እኔ ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፣ እንደዚያ ቤት የከበደኝ ግን የለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ? ሙና እኮ መድኃኒቱን አግኝታ ነው የደበቀችው፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?

«እትዬ ዘውዴ... እኔም ለአማቴ አልነገርኳትም። ልጁን ለእሷ ትቼላት ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል? ተነሺ እንጂ!»