ኤሊና ዓሣ

ጋሼ፣ ወለሉን የወለወሉት እርስዎ ነዎት? እንዴት ያበራል! ጫማዬን በር ላይ ላውልቅ ወይ ብዬ ነበር። … አይ፣ አይነሱ፣ ይቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የዋሉት። አዳራሽ መጠበቅ ቀላል ይመስላል እንጂ እግር ይጨርሳል።

ሙቀቱስ? ዛሬ እንኳ ይሻላል። ትናንት ፍሪጅ ስጠግን ውዬ፣ ምነው ውስጡ በገባሁ እያልኩ ነበር። … አዎ፣ ሥራዬ እሱ ነው። ይሄን ሁሉ የፎቶ ፍሬም ያመጣሁትም በመሥሪያ ቤታችን ፒክአፕ ነው። ፍሪጅ በምንጠቀልልበት ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አንድ መስታወት ሳይሰነጠቅ። የዘመድ ሥራ ነዋ! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባል የለ? እኔ ከሁለቱ የትኛው እንደሆንኩ ብቻ አይጠይቁኝ።

እስቲ ይምጡ፣ ሰው ሳይገባበት እንየው። ነገ ሲጋፉ ምንም አይታይም።

ይሄን ዋናተኛ ይዩልኝ። ዘመዴ ከውሃው ሥር ሆኖ ነው ያነሳው። አረፋውን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ፊቱ ግን የለም። እዚህም ሴትዮዋ ልትዘል ስትል… ከወገቧ በታች። እዚህ ደግሞ አሸዋው ላይ የልጆች ዱካ አለ፤ ልጆቹ የሉም። ጥበብ ነው። እኔ ብሆን ልጆቹን ነበር የማነሳው። ሥዕል ያልተማረ ሰው ምን ያውቃል?

አሁን ደግሞ እንስሳቱን ይዩ። የዚህ ወፍ፣ የፔሊካኑ፣ የዓይን ቆብ ሳይቀር! ሸርጣኑማ መታወቂያ ሊያወጣ የተነሳ ነው የሚመስለው፤ ሁለቱም ዓይኑ፣ ቀጥ ብሎ። ለሸርጣን እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ አላየሁም።

ትዕግሥቱ ነው የሚገርመኝ። ለዚህ ፔሊካን ሲል ገና ሳይነጋ ረግረግ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ትንፋሹን እንኳ ውጦ። ወፉ እንዳይደነግጥ። ሰው ላይ ሲሆን ግን ይቸኩላል፣ ምን ይደረግ። እህቱ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች መጣ… አልቀረም፤ እሱን መመስከር አለብኝ። በሩ ላይ ቆመ፣ አየት አደረጋት፣ ሄደ። ብርሃኑ አልተመቸውም ይሆናል። እውነቱን ነው፣ የሆስፒታል መብራት ማንንም አያሳምርም።

እህቱ ማለት… ሚስቴ ነበረች።

… እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዘንድሮ ነው። አዎ፣ ልጅ አለችን። ትንሽ ናት፣ ከእናቴ ጋር ትቻት መጣሁ። ዘመዴ ያልኩዎትም በዚያ በኩል ነው፤ የልጄ አጎት።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። እሱ ግን ቀብሩ ላይ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ሰዎች ሲያሙት እኔ ነኝ የተቆጣኋቸው። ምን ያድርግ? ዓይኑ የሥራ ዕቃው ነው። እኔ ጣቴን እንደምጠብቅ፣ እሱም ዓይኑን ይጠብቃል።

በር ላይ የተጻፈውን አነበቡት? «ውሃ ያስታውሳል።» የዐውደ ርዕዩ ስም ነው። ደስ ይላል አይደል? ውሃው ካስታወሰ፣ ሰው ምን ልፋት አለበት…

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው መቼም። ሚስቴም ታነሳ ነበር እኮ። በስልክ ነው እንጂ፣ እንዲህ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አይደለም። ልጃችን ስትበላ፣ ስታስነጥስ፣ ድስት ራሷ ላይ ደፍታ ስትስቅ። ታዲያ ጉዱ ምን መሰለዎት? የሚያነሳ ሰው ፎቶው ውስጥ አይገባም። ሁሉንም አየሁት። ልጄ አለች፣ እኔ አለሁ፣ የጎረቤት ድመት ሳትቀር አለች። እሷ የለችም። አንዳንዱ ላይ ጣቷ አለ፣ ሌንሱን ጥጉ ላይ ሸፍኖት። ብዥ ያለ ነገር። ልጄ ያንን ብዥታ «እማዬ» ብላ ትስመዋለች።

የሰርጋችንንማ አሳየኋት። «ይቺ ሙሽራ ማናት?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷ የምታውቃት እናቷ ቬሎ አትለብስም፤ ያዘለቻት፣ ያጠበቻት፣ የተቆጣቻት ናት። ሁለቱ አብረው የተነሱት አንድም የለም።

አንድ ቀን ብቻ፣ ጋሼ፣ ካሜራ የያዘ ሰው አብሮን ባሕር ሄደ። እኔ ዋና አልችልም፤ ዳር ተቀምጬ ልብስና ጫማ እጠብቃለሁ። እሷ ልጅቷን በብብቷ ይዛ መንሳፈፍ ታስተምራታለች። ልጅቷ ውሃ ትተፋለች፣ ትስቃለች። «አንተ ልጅ፣ አንሳን እንጂ!» ብላ ወንድሟን ጮኸችበት። አነሳ። ቀጭ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ኤሊው ከአጠገባቸው ብቅ አለ።

ይኸውልዎት ኤሊው።

የተሸለመው እሱ ነው። አቤት አንገቱ! ያረጀ ዳኛ አይመስልም? … አሁን ወደዚህ ጥግ ጠጋ ይበሉ። ይሄ ነጣ ያለው፣ ፍሬሙ ሊውጠው ያለው። ምን ይመስልዎታል? … አዩ፣ ሸላሚዎቹም ልክ እንደ እርስዎ ነው ያሉት። የዓሣ ጅራት። «ኤሊው ከማይታወቅ ዓሣ ጋር ሲተላለፍ፤ ጥልቅ ምሥጢር አለው» ብለው ጻፉለት።

ተረከዝ ነው፣ ጋሼ። የግራ። መስመሩ ይታይዎታል? ብርጭቆ ረግጣ የተሰፋችበት ነው። ብርድ በመጣ ቁጥር አልጋ ውስጥ እግሬ ላይ የሚለጠፍብኝን ተረከዝ ከዓሣ ጋር ላምታታው?

የቀረው አካሏ የት ሄደ ይሉኝ ይሆናል። ተቆረጠ። «መስመሩን ያበላሻል» አለ። ሰው ከገባ ዓይን ወደ ሰው ይሄዳል፣ ኤሊው ያንሳል። ልክ ነው እኮ! እሷ ባለችበት ማን ኤሊ ያያል?

ሸላሚዎቹ ዓሣ ሲሉ እሱ ምን ያለ ይመስልዎታል? ምንም። ትሑት ነው፤ የሚያመሰግኑትን ሰዎች ማረም ነውር ይመስለዋል። ይኸው ከሥሩ መግለጫውንም በእነሱ ቃል አስጻፈው፤ «ኤሊና ዓሣ»። … እርስዎ ነዎት የለጠፉት? አይ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ የተሰጠዎትን ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። ከገዛ እህቱ ዓሣ ያወጣ ግን እስካሁን እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ተሰጥኦ ነው።

ሳልጠይቀው ቀርቼ አይደለም። ፍሪጁ ተበላሽቶበት ጠርቶኝ ነበር። ብከፍተው ምግብ የለም፤ ከላይ እስከ ታች የድሮ የፎቶ ፊልም። «ሙቀት ይጎዳቸዋል» አለኝ። አንጀቴን በላው፤ እንዲህ የሚሳሳ ሰው ለእኔ አይጨክንም አልኩ። ጠገንኩለትና «ያን የባሕሩን፣ ሳይቆረጥ በፊት ያለውን፣ ለልጅቷ ስጠኝ» አልኩት። «ጥሬ ሥራ ከእጄ አይወጣም» አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ጠየቅኩት። «አርቲስት ጓዳውን አያሳይም» አለ። እኔ እንግዲህ የሰው ጓዳ ገብቼ ነው እንጀራዬን የማገኘው፣ ነገሩ አልገባኝም።

ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ሥራው በተከፈተ ዕለት፣ ከተሰቀለው በቀር ሌላውን ሁሉ ከኮምፒውተሩ ያጠፋዋል። «አንድ ሥዕል አንድ ፊት ብቻ ነው ያለው» ይላል። ከድሮም ልማዱ ነው፤ ጓደኞቹ በዚህ ያደንቁታል። … የሚከፈተው ነገ ጠዋት ነው ያሉኝ አይደል?

እንግዲያው ሚስቴ ዛሬን አለች ማለት ነው። እዚያ ኮምፒውተሩ ያለበት ቦርሳ ውስጥ፣ ልጇን ይዛ።

እናቱ «ሊያያት አልቻለም ልጄ፣ አትጫነው» ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ኀዘን ለሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ አይሰፋም። ግን ይያት መቼ አልኩ? ፊቱን አዙሮ ይላክልኝ። አንድ ጊዜ ጫን ማድረግ ነው። ማጥፋቱም አንድ ጊዜ ጫን ማድረግ ነው አሉ፤ ጎን ለጎን ናቸው። እጅ እንዳይስት ነው እንጂ…

ምነው በዓይንዎ ጠቀሱኝ? እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ነው? አውቃለሁ ጋሼ። አምፖል እያስተካከለ ነው። አይዞዎት፣ አይሰማም። አርቲስት ሥራ ላይ ሲሆን እንኳን እኔን፣ የሞተ አይሰማም። … መሰላሉ ግን ለምን ዝም አለ?

እሰይ፣ ወረደልን። ይለፍ ጋሼ፣ መንገድ ይልቀቁለት። ስለ ሥራው ጥሩ ጥሩውን ነው የምናወራው፣ ምን ያስፈራናል?

… ዝም ብለው ይዩት። እዚህ ጋ ቆመ። ኤሊው ጋ። …

አዩ? የመግለጫው ወረቀት ትንሽ ተጣሞ ኖሯል። እኔም እርስዎም ስንት ጊዜ አየነው፣ አላስተዋልንም። እሱ በጥፍሩ ላጥ አድርጎ አቃናው። «ዓሣ» የሚለው ዘመም ብሎ ነበር፤ አሁን ቀጥ አለ። ዓይን ማለት ይሄ ነው!

… ቦርሳውን አነሳ። ሄደ። ደህና እደሩም አላለን፤ ሐሳብ ላይ ነው። ነገ ብዙ የሚያጠፋው አለበት።

አልቀየመውም ጋሼ። የልጄ አጎት ነው። ዘመድ ዘመዱን መርቆ ነው የሚሸኘው። በሩ ገና አልተዘጋም፣ ድምፄ ይደርሰዋል። እርስዎ ብቻ አሜን ይበሉልኝ።

እግዜር እጁን አያዝለው። ዓይኑን ይጠብቅለት። ሽልማቱን እጥፍ ድርብ ያድርግለት። … አሜን ይበሉ እንጂ! ትዳር ይስጠው፤ ደግ ሴት፣ ሳቂታ፣ ውሃ የምትወድ። ሴት ልጅ ይስጠው፣ አባቷን የምትወድ። ልጅቷም አጎት አትጣ። የእናቷ ወንድም ይኑራት፤ ታጋሽ፣ ጠንቃቃ፣ ካሜራ ከእጁ የማይለይ። አርቲስት ይሁንላት። ልክ እንደ እሱ ያለ።