ልዕልት ጥበቡን ማን እንደላካት ለማስረዳት የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ይታይሽ ሞላ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ መምህርት
አድራሻ፦ እስቴ ወረዳ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐምሌ 4 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ይግዛው አለነ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ አቶ ጥበቡ የተባሉ ልብስ ሰፊ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ልዕልት በመምህራን ቸልተኝነት ለአደጋ ተጋልጣለች ሲሉ ባቀረቡት አቤቱታ የማውቀውን እንድናገር ተጠርቼ ቀርቤአለሁ። የመጣሁት በምስክርነት ነው። ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ በተጠርጣሪነት ብያዝም ቅር አይለኝም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆችን ከከተማ አውጥቼ ለአምስት ቀን በድንኳን ማሳደር ከጀመርኩ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ካምፕ እንለዋለን። የጀመርኩት ስለ ወንዝና ስለ ተራራ በፈተና ሙሉ ውጤት የሚያመጡ ልጆች ብቻቸውን እስከ ገበያ እንኳ የማይደርሱ ሆነው ስላገኘኋቸው ነው። የዘንድሮው ሰኔ 26 ቀን የተጀመረ ሲሆን፣ ቦታው ከከተማው በእግር ሦስት ሰዓት የሚወስድ የግጦሽ መስክ ነው። ልጆቹ አሥራ አራት፣ መምህራን ደግሞ እኔና የስፖርት መምህሩ ተስፋሁን ወርቁ ነበርን። ወላጆች በፈረሙት የፈቃድ ወረቀት ላይ ልጆች ያለ መምህር ከካምፑ አይርቁም የሚል ቃል አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ልዕልት ለወላጆቿ ከዘጠኝ ዓመት ትዳር በኋላ የተገኘች አንድ ልጅ ናት። አባቷ እስካሁን ቦርሳዋን ተሸክመው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያደርሷታል። የመጀመሪያውን ቀን እህል አልቀመሰችም። "ቲቸር፣ ለአባዬ ይደውሉልኝ" ስትል ስልኬ ኔትወርክ እንደሌለው አሳየኋት። በማግስቱ ተራዋ ስለነበር ውኃ ቀዳች፤ የሰኔ ጾም ነውና ሽሮ ሠራች፤ አሳረረችውም። ልጆቹ ሲስቁ አብራ ሳቀች። የዚያን ዕለት ጠዋት ሁላችንም ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በእግር ሄደን ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ የሄድንበትን መንገድ ካርታ እንዲሥሉ አዘዝኳቸው። መታጠፊያ ሳይቀራት በትክክል ያወጣችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሰኔ 28 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ መምህር ተስፋሁን ለድንኳኑ ድንጋይ ሊያመጣ ሲሄድ ከጅረቱ አፋፍ ተንሸራቶ ወደቀ። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ አጥንቱ ወጣ። በነጠላዬ አሰርኩት፤ ደሙ ግን እጄን ባነሳሁ ቁጥር ይመጣል። ወደ ከተማ የምንመለስበትን መንገድ ወንዝ ሞልቶ ዘግቶታል። በቅርብ ሰው የሚገኘው ሚካኤል ነው፤ አንድ ሰዓት ያስኬዳል።

"መንገዱ ሳይጠፋው ሚካኤል የሚደርስ ማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ልዕልት "እኔ" አለች። መምህር ተስፋሁን እያቃሰተ "ተይ፣ አባቷን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሌላ ልጅ ላኪ" አለኝ። መንገዱን የምታውቀው ግን እሷ ናት። ሰናይት ከምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጋር አድርጌ "ሂዱ፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ጉም ከወረደባችሁ ባላችሁበት ቁሙ" አልኳቸው። በራሴ አንደበት ነው የላክኋቸው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉም ወረደ። ድንኳኖቹ እንኳ አይታዩም ነበር። ቁስሉን ለቅቄ ልከተላቸው አልቻልኩም። ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ከዚያም በላይ አለፈ። በዚያ ጊዜ ያሰብኩትን ሁሉ ለመናገር ዛሬ አቅም የለኝም። የቀሩት ልጆች ማንም ሳያዛቸው ለመምህሩ ብርድ ልብስ ደረቡለት፤ እኔንም ውኃ በእጃቸው አጠጡኝ።

ልጆቹ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ጉሙ ሲከባቸው ሰናይት ደንግጣ ልትሮጥ ስትል ልዕልት ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። ብዙ ቆዩ። ሁለቱም አለቀሱ። በመጨረሻ ከበላያቸው የአብነት ተማሪዎች ሲያዜሙ ሰምተው ድምፁን እየተከተሉ ወጡ። የተማሪዎቹ መምህር መሪጌታ ቢሆነኝ "የማን ልጅ ነሽ?" ቢሏት "እሱን ኋላ እነግርዎታለሁ የኔታ፤ ሰው ተሰብሮብናል፣ ቃሬዛ ያስይዙልን" ብላ እንደመለሰችላቸው ራሳቸው ነግረውኛል።

ከቀኑ 7፡40 ላይ ስምንት ገበሬዎች ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። መንገድ የምትመራቸው ልዕልት ነበረች። ወንዙን በማያቋርጠው በላይኛው መንገድ ተሸክመውት፣ ልጆቹንም ሁሉ ይዘን መኪና መንገድ ላይ ስንደርስ 11 ሰዓት ሆኗል። መሪጌታ ኔትወርክ ወዳለበት ሰው ልከው ወደ ከተማ አስደውለው ስለነበር አቶ ጥበቡ ከመኪናው ጋር መጥተው ጠበቁን። ልጃቸውን ጭቃ በጭቃ ሆና ሲያዩ ሊያቅፏት ሮጡ። እሷ ግን "አባዬ፣ ቆይ፤ መጀመሪያ ቲቸርን እናስገባው" አለቻቸው። አቶ ጥበቡ ቆሙ፤ ከዚያም የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዙ።

ልዕልት ለፖሊስ "ማንም አልላከኝም፤ ተደብቄ ነው የሄድኩት" ማለቷን ሰምቻለሁ። መምህር ተስፋሁንም ሐኪም ቤት ተኝቶ ይህንኑ ቃል ሰጥቷል። ሁለቱም ለእኔ አዝነው ነው። ባልደረቦቼም "አንቺም እንደዚያው በይና ነገሩ ይዘጋ" ብለው መክረውኛል። እውነት ለመናገር፣ ሰሞኑን ስለደከመኝ እንደዚያ ልል ዳድቶኝ ነበር። ነገር ግን እንዲያ ከተባለ ልጅቷ ሳትታዘዝ የሄደች ጥፋተኛ ሆና ትቀራለች። ይህ እንዲሆን አልፈልግም።

ነገሩ ቢደገም ትልኪያት ነበር ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ እየፈራሁም ቢሆን እልካት ነበር። በሚመጣው ዓመት ልጆች ይዘሽ ትወጫለሽ ወይ ለተባልኩት፣ አላውቅም። ጉልበቴም ልቤም ዝሏል።

ልዕልት አሁን ከጣቢያው ግቢ ከአባቷ ጋር ቆማለች። ይህን መናገሬን ስትሰማ ትቆጣኝ ይሆናል። ለአቶ ጥበቡ ግን በዚህ መዝገብ ተጽፎ እንዲነበብላቸው የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ልጅዎ ተደብቃ አልሄደችም፤ ተልካ ነው የሄደችው፤ የተላከችበትንም አድርሳ ተመልሳለች።

የተናገርኩት ይህ ነው። ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት የራሴ ቃል ሲሆን፣ ተነቦልኝ አንድም የተጨመረበት ወይም የጎደለው ስለሌለ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ይታይሽ ሞላ
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን ይግዛው አለነ