ሳይጠይቅ ያስቀመጠው ደብዳቤ

አቃቂ ላለ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ደብዳቤ መጻፊያ ፕሮግራም የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር የጻፉት ሁሉ ስለሚጠፋባቸው ጸሐፊዋ እትዬ አስካለ ሲማረሩ እሰማ ነበር። አንድ ቀን ማንንም ሳላማክር፣ ፕሮግራሙ የተጻፈውን ሁሉ በራሱ ቢሮው በሚጋራው ፎልደር ውስጥ እንዲያስቀምጥ አደረግኩት። ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ እሳቸው ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለ ሥራ አስኪያጁ ከክፍሉ ወጣ። ሁልጊዜ የሚጮኸው ሰውዬ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ሊለቁን ነው እንዴ? የሥራ መልቀቂያዎን የጋራው ፎልደር ውስጥ አየሁት።»

እትዬ አስካለ ፊታቸው ልውጥ አለ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«በሰው ፊት በጮኹብኝ ቁጥር እጽፈዋለሁ። ስዘጋው ‹ይቀመጥ?› ይለኛል፣ ‹አይ› እለዋለሁ፣ ይወጣልኛል። ሦስት ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት። ትናንት ግን ሳይጠይቀኝ ተዘጋ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሥራ አስኪያጁ «አላወቅኩም ነበር» ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «የእርስዎን ኮምፒውተር አሁኑኑ እንደ ድሮው አደርገዋለሁ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ለዚያ ብቻ ለጊዜው ይይዝልዎታል። ሲዘጉት ግን ይጠይቅዎታል፤ አይ ካሉት ያጠፋዋል።»

እትዬ አስካለ ወደ ኮሪደሩ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ቀነሱ።

«እንደሱ ከሆነ የሁሉንም ሠራተኛ አስተካክለው። እዚህ ቤት እንዲህ የምጽፈው እኔ ብቻ መሰልኩህ?»