ቆጮ ለአራስ

ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ፣ አጠገባቸው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ የታቀፈውን ወጣት ጠየቁት።

«ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ። እናቷ ቤት እየታረሰች ነው።»

«ለአራስ ቡላ ነው እንጂ የሚወሰደው፣ ልጄ።»

«ሁለቱም ከእንሰት አይደሉም እንዴ፣ እትዬ?»

«ቆጮ ተፍቆና ተብላልቶ የሚጋገረው ነው፤ የሁላችንም የዘወትር ምግብ። ቡላ ደግሞ ሲጨመቅ ከስር የሚዘቅጠው ነጩ ነው። በቅቤ ገንፎ ሲሆን የአራስ ወገብ ያጠናል። አማትህ ይህን ሲያዩ ምን ይላሉ?»

«አያዩትም።»

«እንዴት?»

«ጠያቂው ሁሉ ቡላ ይዞ ስለሚመጣ ጠዋትም ማታም ገንፎ ነው። ትናንት ደውላ፣ ድምጿን ቀንሳ፣ ‹ቆጮ ሳትይዝ እንዳትመጣ› አለችኝ።»

ሴትዮዋ ጥቅሉን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት።

«ጎመንስ ይዘህላታል?»

«እሱን ረሳሁት።»

«ታዲያ ቆጮውን በምን ልትበላው ነው? ሺሺንዳ ስንወርድ እኔ እመርጥልሃለሁ።»

እኔ ለአራሷ እህቴ የያዝኩትን ቡላ ቀስ ብዬ ወደ ወንበሩ ስር ገፋሁት።