ሰላምታው ከኋላ ይሁን

«ኢቲቻ ለእኔ ብሎ...» አለችኝና ዝም አለች። የምትቀጥል መስሎኝ ጆሮዬን አስጠግቼ ጠበቅኩ። ነርሷ መጋረጃውን ሳበችው። እኔም እንደ ጎነበስኩ ትንሽ ቆየሁ፤ ምክንያቱም...

ይቅርታ። ከመሃል ጀመርኩት። ቤት ሆኜ ስለማመድ መጀመሪያው ሌላ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤ የክለባችን ሊቀ መንበር አቶ መክብብ፤ ወላጆች፤ ብስክሌተኞቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ ይህን ምሳ ስላሰናዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ለጋቢውም አመሰግናለሁ። ማን ነው «ለመቱ ከተማ ዝናብ ሸራ ይሻላቸው ነበር» ያለው? ፋኦል ነህ። ድምፅህን አውቀዋለሁ። ፊትህን ግን ያን ያህል አላውቀውም።

ቀልዴን አይደለም። ሥራዬን ሁሉ በመኪና ከኋላችሁ እየተከተልኩ የሠራሁ ሰው ነኝ። የማውቀው ጀርባችሁን ነው። ማን እንደ ደከመው ከትከሻው፣ ማን ከቤቱ ተጣልቶ እንደ ወጣ ከአንገቱ እለያለሁ። አሁን ሁላችሁም ወደ እኔ ዞራችሁ ስትቀመጡ የሌላ ክለብ ስብሰባ የገባሁ መሰለኝ።

ስለ ምን ልናገር? የሚሰናበት አሰልጣኝ ስለ ዋንጫ ይናገራል። እኛ ዋንጫ የለንም። ስለዚህ ስለ እጅ ልናገር። ብስክሌት ላይ ያለ ሰው እጁ የት መሆን እንዳለበት። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፤ ምሳውን እየበላችሁ ስሙኝ፤ አልቀየምም።

ያ የትራያትሎን ብስክሌት በስጦታ የመጣልን ቀን ትዝ ይላችኋል? ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተያይዞ ለሚደረግበት ውድድር የተሠራ ነው ሲባል ዶሪ «ዋናውንስ የት ልንዋኝ ነው?» አለች። «ክረምት ሲገባ በየመንገዱ» አልኳት። ሳቅን። ያን ጊዜ እንስቅ ነበር።

መሪው ላይ ሁለት የክርን ማሳረፊያ አለው። ነጂው ክርኑን እዚያ ላይ ያደርግና ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጀርባውን አጉብጦ፣ በግንባሩ ንፋሱን እየሰነጠቀ ይሄዳል። ሱልጣና መጀመሪያ የወጣችበት ዕለት አባቷ አቶ ታጁዲን ከሱቃቸው በረንዳ ላይ ሆነው «አብዱልመሊክ፣ ይቺ ልጅ ለሶላት ጎንበስ ብላ ሩኩዕ ላይ ናት፤ የሚዞሩበት ቂብላ ግን በጎሬ በኩል እንዳልሆነ ንገራት» ብለው ጮኹ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። አቶ ታጁዲን፣ ይህን ያነሳሁት ላሳዝንዎ አይደለም። ጥሩ ቀልድ ስለነበረ ነው።

ብስክሌቱ ክፉ አይደለም። ክፉ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ብቻውን ለሚሄድ ሰው የተሠራ ነው፤ ይኸው ነው። ክርናችሁን ካሳረፋችሁ ጣታችሁ ማርሹ ላይ ነው፤ ፍሬኑ ግን እዚያ የለም። ፍሬኑ ከመሪው ዳርና ዳር ወጣ ባለው ቀንድ ላይ ነው። ለመያዝ ክርን ይነሳል፣ ደረት ይነሳል፣ እጅ ይሻገራል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጊዜ አላችሁ። ጎማችሁ የሰው ጎማ ሥር ከሆነ ግን እጃችሁ ሳይሻገር ሁሉ ነገር አልቋል። መሪው ደግሞ ፈሪ ነው፤ ንፋስ ከጎን ሲነካው ይደነግጣል። እናንተ ሳትፈልጉ ወደ ጓደኛችሁ ይሄዳል።

ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነበር። በቡድን ስንሄድ ክርን ማሳረፊያው ላይ አይደረግም። ያ ብስክሌት ከሁሉም ኋላ፣ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ክርኔን ማሳረፍ እፈልጋለሁ ያለ ከቡድኑ ወጥቶ ብቻውን ይሂድ። ለማለት ቀላል ነው። ግን ማን ይሰማል?

«ሱልጣና! ክንድሽን!» እላለሁ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ።

«ጋሼ፣ ንፋሱ ነው!»

«ንፋሱ ፍሬን ይዞልሽ ያውቃል?»

ትነሳለች። እኔ መስታወት ሳይ ተመልሳ ትተኛለች። ጀርባ አይዋሽም አላልኳችሁም?

ሌላም ችግር ነበረብን፤ ይህኛው የአገራችን ነው። ከፊት ያለው እጁን ወደ ላይ ካነሳ «ልቆም ነው፤ ያዙ» ማለት ነው። በዓለም ሁሉ እንዲህ ነው ይላሉ። እዚህ ግን ሽማግሌ መንገድ ዳር ቆሞ እያየህ እጅህን ሳታነሳ ብታልፍ ምን ትባላለህ? «የማን ልጅ ነው?» ከዚያ ወሬው ከአንተ ቀድሞ ቤትህ ይገባል። ከመቱ እስከ ጎሬ ደግሞ ሽማግሌ የሌለበት መታጠፊያ የለም። ልጆቹ እጅ ያነሳሉ፤ ከኋላ ያሉት ደንግጠው ፍሬን ይይዛሉ። ሲደጋገም መደንገጡን ተዉት። እሱ ደግሞ የባሰ ነው።

ሰላምታ ከለከልኩ። ወዲያው ኦቦ ጅራታ ቢሮ ድረስ መጡ። በጎሬ መንገድ ከብት የሚጠብቁትን ሽማግሌ የማያውቅ እዚህ የለም። ዱላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት።

«ልጆችህ ደነቆሩ እንዴ?»

«አልደነቆሩም ኦቦ። እጅ ማንሳት አደጋ ስለሆነ ነው።»

«እኔን ሰላም ማለት ነው አደጋው?»

ሻይ አስመጣሁ። ስንከራከር ቆይተን «እንግዲያው የመጨረሻው ልጅ ሰላም ይበልዎ፤ ከእሱ ኋላ ማንም ስለሌለ አይጎዳም» አልኩ።

«ለራሱ ብቻ?»

«ለሁሉም።»

አሰቡበት። «ይሁን። ግን ድምፅ ያለው ይሁን። የሚያጉረመርም አትላክብኝ።»

የመጨረሻው ማን ነበር? ያ ብስክሌት። ሱልጣና። «ጋሼ፣ ጭራ አደረጉኝ» ብላ አኮረፈች። ሁለት ቅዳሜ አኮረፈች መሰለኝ። ከዚያ ግን ለመደችው። «አካም ጅርቱ!» ብላ ሰላም ስትል ድምፅዋ ሸለቆው ማዶ ይሰማል። ሴቶቹ ከቡና መሃል ቀና ብለው ይመልሱላታል። ከጎሬ ወዲህ የማን ክለብ እንደሆንን የማያውቅ ሰው የሱልጣናን ስም ያውቅ ነበር። እጇን ለማንሳት ደግሞ ክርኗን ማንሳት ነበረባት። ቀና ማለት ነበረባት። እኔ ጮኼ ያልሆነልኝን ሽማግሌዎቹ ቆመው ብቻ አደረጉት።

ሰላም ነበርን። ለትንሽ ጊዜ።

ከዚያ እንግዶች መጡ። ከአዲስ አበባ፣ ለብሔራዊ ቡድን ልጅ የሚያዩ፣ ከነካሜራቸው። አንደኛው «ይህን የመሰለ ብስክሌት ከኋላ ይደበቃል?» አለ። አቶ መክብብ ወደ እኔ ዞሩ። «ለአንድ ቀን ነው፣ ጋሽ አብዱልመሊክ።» አይሆንም አልኩ። «ለአንድ ቀን» አሉ ደግመው፤ በቁጣ አይደለም፤ በትሕትና ነው። አቶ መክብብ፣ ዛሬ ልወቅስዎ አልቆምኩም። ክለቡ እንዲታይ ፈለጉ። ማን አይፈልግም? የነበረውን ብቻ ነው የምናገረው፤ ሌላ ንግግር የለኝም።

ሱልጣና መሃል ገባች። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ከፊቴ የዶሪን ጀርባ አየሁ። ለምን እንደ ከፋኝ ያኔ አላወቅሁም። የለመድኩት ጀርባ ቦታው ላይ አልነበረም።

ከጎሬ እየወረድን ነው። ኦቦ ጅራታ ከቦታቸው ቆመዋል። አንዱ በሬያቸው ከማዶ በኩል ወደ አስፋልቱ ወጣ። ከፊት ኢቲቻ ነበር፤ እጁን አነሳ። የሌሎቹ እጅ ፍሬኑ ላይ ነበር። የሱልጣና አልነበረም።

ድምፁን አልነግራችሁም። የነበራችሁ ሰምታችኋል።

ሆስፒታል ያለችኝ ያንን ነው። «ኢቲቻ ለእኔ ብሎ...» ብዙ ሌሊት ስጨርሰው አደርኩ። እንዲህ ይመስለኛል፦ ሰላምታ የእሷ ሥራ ነበር፤ ያን ቀን ቦታዋ ባዶ ነው፤ ኢቲቻ እጁን ሲያነሳ ለእኔ ብሎ፣ በእኔ ፋንታ ሰላም አለልኝ ብላ አሰበች። ደስ ብሏትም ይሆናል። ክርኗን አላነሳችም።

ልክ ነኝ? አላውቅም። ሌላ ልትል አስባም ይሆናል።

በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ኢቲቻን አገኘሁት። «ያነሳኸው ሰላምታ ነው ወይስ ቁም ነው?»

«ጋሼ፣ ሽማግሌውንም አየኋቸው፤ በሬውንም አየሁት።»

«እኮ የትኛው ነው?»

«እጄ ዝም ብሎ ተነሳ።»

ኢቲቻ፣ አታቀርቅር። ብላ። አንተን የሚከስ ሰው እዚህ የለም። እኔ ብሆን ኖሮ የእኔም እጅ ሳይጠይቀኝ ይነሳ ነበር። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሱልጣና ዛሬ አልመጣችም። ጠርቼያት ነበር። አባቷ ሱቅ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ትናገራለች፤ የጀመረችውን ግን አትጨርስም። ደንበኞቹ ናቸው የሚጨርሱላት፤ እንደየፍላጎታቸው። «ያንን...» ስትል አንዱ ሳሙና ነው ይላል፣ አንዱ ባትሪ።

ወደ ነገ ልምጣ። ነገ እንግዶቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ከመቱ ጎሬ ደርሶ መልስ። ብስክሌቱ ተጠግኗል። የምትነዳው ጀናት ናት፤ የሱልጣና ታናሽ። ቦታዋ መሃል ነው፤ ካሜራው እንዲያያት። ሰላምታ ደግሞ ጭራሽ ቀርቷል። ይህ የተወሰነው እኔ ክሊራንሴን ለማስፈረም ከቢሮ ቢሮ ስዞር ነው። «ያጠፋን ሰላምታው ነው፤ እሱን አጠፋነው» ተባልኩ።

ያጠፋን እሱ አይደለም። የኋላው ቦታ ባዶ መሆኑ ነው። ከኋላ ሰላም የሚል ሰው ሲኖር፣ ከፊት የተነሳ እጅ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ሰላምታን በስብሰባ ማጥፋት ትችላላችሁ? ነገ ኦቦ ጅራታ ቆመው ታዩዋቸዋላችሁ። ከእናንተ አንዱ እጁ ይነሳል። ከኋላው ያለው ምን ብሎ ይተርጉመው?

ይህን ኋላ በስብሰባም ብያለሁ። ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ለጡረተኛ ራስ ሲነቀነቅ «እሺ» ማለት አይደለም፤ «ይጨርሱ» ማለት ነው። አሁንም እየነቀነቃችሁ ነው።

ጀናትን ለብቻዋ ለመንኳት። እሷ እዚህ እያለች ልናገር፤ ታርመኛለች።

«የኋላውን ያዢ፣ ልጄ።»

«ጭራ ላይ ማን ያየኛል፣ ጋሼ?»

«ኦቦ ጅራታ ያዩሻል።»

«ኦቦ ጅራታ ለብሔራዊ ቡድን ይመርጣሉ?»

ልጅቷ ውሸት አልተናገረችም።

አባቷንም ጠየቅኳቸው። «ለምን ይፈቅዱላታል?» አቶ ታጁዲን ሚዛኑን እየወለወሉ ነበር። «ሁለቱ ልጆቼ ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲተያዩ ማየት አልቻልኩም» አሉኝ።

እኔ ከእንግዲህ ጎሬ ነኝ። የአባቴ ቤት መንገዱ ዳር ነው። ነገ ከፊቱ ታልፋላችሁ። ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩት ይህንን ነው፦ ልውጣና ልቁም ወይስ አልቁም? ብቆም እኔም መንገድ ዳር የቆምኩ ሽማግሌ ነኝ። ታዩኛላችሁ። እጃችሁ ይነሳል። ስለዚህ አልቆምም። ከጓሮ፣ ከቡናው ሥር እሆናለሁ። የጎማችሁን ድምፅ እሰማለሁ። ስታልፉ አውቃለሁ። ሳታልፉ ብትቀሩም አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ነገ ከኋላ የሚሆን አለ? በማንኛውም ብስክሌት ይሁን። ካሜራ አያየውም፤ እሱን አልደብቅም። ሰላም እያለ የሚከተል አንድ ሰው።

ዶሪ?

ፋኦል? ቅድም ጥሩ ድምፅ ነበረህ።

እሺ። እሺ፤ ምንም አይደለም። ምግቡ ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። መንገዱን ያድርቅላችሁ። በሬውን አስቀድሞ ያሻግርላችሁ። ከፊታችሁ ያለው እጁን ሲያነሳ ለምን እንዳነሳ ይግለጥላችሁ። የምትሰብሩት አጥንት አይስጣችሁ። እርጅና ይስጣችሁ፤ መንገድ ዳር የምትቆሙበት፣ የሚያልፈው ሁሉ በድምፅ ሰላም የሚላችሁ እርጅና። አቶ መክብብ፣ ክለቡን ያቁምልዎ፤ ከልቤ ነው። ኢቲቻ፣ እንቅልፍ ይስጥህ። አቶ ታጁዲን፣ ለእርስዎ የሚሆን ምርቃት ፈልጌ አጣሁ፤ አላህ ራሱ ያውቀዋል።

ጀናት፣ አንቺን ለብቻሽ...

ማን ነው የሚጠራት? ብስክሌቱን የያዘው መኪና ደርሶ ነው? ይጠብቃ። ምርቃት አይቋረጥም፤ ተቀመጪ ልጄ። ብስክሌቱን ልታዪ ነው ወይስ ልትመልሺ... ጀናት? ዞር በይ እስቲ፤ ከጀርባሽ አልገባኝም።

ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።