ሦስቱ ያበላሹት ዘፈን

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስንሄድ የታክሲው ሬዲዮ የአራት ሴቶች ዘፈን ለቀቀ። ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት ብቻዋን ስትስቅ፣ አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት የማያውቋት እናት ዞር አሉ።

«ምን ያስቅሻል ልጄ?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የኛ ዘፈን ነው።»

«ውሸትሽን ነው! የቷ ነሽ?»

«ከስር የምትሰማዋ። ዋናውን ዜማ የምታወጣው ጓደኛዬ ናት፤ እኔ ከስር በሌላ ዜማ አጅባታለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያስቃል?»

«የሚያስቀኝማ የእማዬ ነገር ነው። ቤት ሳጠና የማዜመው የራሴን ብቻ ነበር። እሷም ጎረቤቱም ዘፈኑ ያ ብቻ መስሏቸው በቃላቸው ይዘውታል።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«በሬዲዮ የወጣ ቀን ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ ሰማ። ሲያልቅ እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ አልተሳሳትሽም፤ ያበላሹት ሦስቱ ናቸው።›»

«ወይ ጉድ! አላስረዳሻትም?»

«ማን ሊሰማኝ! ቅዳሜ የመጀመሪያ መድረካችን ነው፤ ግቢው በሙሉ ሊመጣ ነው። አብረን ጮክ ብለን ዘፍነን ልጆቹን እናስተካክላቸዋለን ብለው ቆርጠዋል።»

«እስቲ ያንቺን ብቻ በይልኝ።»

ልጅቷ ቀስ ብላ አንጎራጎረችላቸው። እናት ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ውይ ሲያምር! እነዚያን ልጆች ግን ምን ነካቸው?»

«እማማ፣ እርስዎም?!»

«ለመሆኑ ቅዳሜ የት ነው? እኔም መጥቼ አግዛለሁ... ወራጅ አለ፣ ጊዮርጊስ ጋ!»

እኔም እዚያው ወርጄ ዘፈኑን ላንጎራጉር ብል፣ ዋናው ዜማ የትኛው እንደነበር ጠፋኝ።