ጋሻውን እየገፋሁ አዲስ አበባን ያየሁባት እሁድ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ እንደዛሬው ሰው ሲናፍቅ ስልክ አውጥቶ ፊት ለፊት መተያየት የለም። የሄደ ሄደ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ተፈልጎ አደራ ይባላል፣ ያ ሰው በዐይኑ አይቶ መጥቶ ይናገራል፣ ታዲያ እሱ የተናገረው ነው የሚታመን። እኔንም እማማ ወሰኔ የላኩኝ እንዲያ ብለው ነው።

እማማ ወሰኔ ጎረቤታችን ነበሩ፣ እዚሁ አርዲቦ ሐይቅ ዳር። እኛ እስላም፣ እሳቸው ክርስቲያን፣ ግን አጥራችን አንድ ነው፣ በዒድም በፋሲካም አንዱ ቤት ሌላውን ሳይጠራ ውሎ አያውቅም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጭሰኛ ነበሩ። ታዲያ መሬት ላራሹ ሲታወጅ ለሳቸውና ለልጃቸው ለጋሻው ከሐይቁ በላይ ያለችው ቁራጭ መሬት ደረሰቻቸው። ጋሻው አንድ ክረምት አረሳት፣ አንድ ክረምት ብቻ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሚሊሺያ ተብሎ ሄደ። ሄደ፣ እና ወሬው ጠፋ። ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ቆስሎ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል ብሎ ነገራቸው፤ ምኑን እንደቆሰለ ግን አላወቀም።

እኔ ያን ጊዜ ደሴ የጤና ረዳት ተማሪ ነኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ለተግባር ልምምድ ሁለት ወር አዲስ አበባ ተመደብን። እማማ ወሰኔ ይህን እንደሰሙ ዳቦ ቆሎ ቋጥረው መጡና እጄን ያዙኝ።

«ዘይነባ፣ በግሸኗ እንዳላስምልሽ ያንቺ አይደለችም። በአላህሽ ነው የማስምልሽ። ልጄን በዐይንሽ እዪልኝ፤ ያየሽውን ደግሞ ሳትቀንሺ ንገሪኝ» አሉኝ።

ወላሂ አልኩ። አይ ልጅነት! እንዴት ቀላል መስሎኝ።

የተኛበትን ሆስፒታል ጠያይቄ አገኘሁት። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የለም። ሲያየኝ መጀመሪያ ያደረገው ብርድ ልብሱን መሳብ ነው፣ ከእኔ ሊደብቅ፣ እኔ እንኳ ቀን ሙሉ ቁስል ሳጥብ የምውል! ዳቦ ቆሎውን ሰጠሁት፣ አሽትቶ ትራሱ ሥር አኖረው።

እና እናንተ፣ በሁለት ወር ውስጥ አንዲት እሁድ ፈቃድ ተሰጠን። ተለማማጆቹ ሁሉ ከተማ ልናይ ተሰናዳን፤ አንበሳ ግቢ፣ ፒያሳ፣ አሳንሰር ያለበት ፎቅ። እኔም ከጓደኛዬ ተረከዙ ረጅም የሆነ ጫማ ተውሼ ተጫማሁ። በመንገዴ ጋሻውን ሰላም ልበል ብዬ ገባሁ። የት እንደምሄድ ነገርኩት።

«መልካም ነው። እኔ እዚህ ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ፤ ከአዲስ አበባ ያየሁት ግን ይሄን ጣሪያ ነው» አለኝ።

ሄጄ ሲስተሯን፣ የክፍሉን ኃላፊ፣ ለመንኳት። ብትጥዪውስ አለች፣ አንቺ ራስሽ ተማሪ ነሽ አለች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ያገሬ ልጅ ነው አልኳት። በመጨረሻ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንድመልሰው አስጠንቅቃ ዊልቸር ሰጠችኝ። ጓደኞቼ በታክሲ ሄዱ፣ ዊልቸሩ አይገባላቸውም። እኔ በእግሬ፣ እሱን እየገፋሁ።

አንበሳ ግቢ ገባን። አንበሳው ተኝቷል፣ ዝንብ ወርሮታል። ጋሻው አየው አየውና፣ የኛ አገር ጅብ ከዚህ ይከበራል አለ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ፒያሳ። ልጆቼ፣ ያን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ? ዊልቸሩ እኔን ይዞኝ ሄደ እንጂ እኔ አልያዝኩትም! አንዱ ጫማዬ ወልቆ ቀረ፣ ሌላውን ራሴ ወረወርኩት፣ በባዶ እግሬ እሮጣለሁ፣ «ያዙልኝ! ሰዎች ያዙልኝ!» እላለሁ፣ እሱ ይስቃል። አንድ ሊስትሮ ነው ሣጥኑን ጥሎ ያስቆመልኝ። ጋሻው እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ እኔም አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ጫማዎቼን ሰው አምጥቶ ሰጠኝ።

ፎቁ ጋ ደረስንና አሳንሰር ውስጥ ገባን። ሽቅብ ሲነሳ እሱ «እመብርሃን!» እኔ «ቢስሚላህ!» ስንል የአሳንሰሩ ሠራተኛ «ወሎዎች ናችሁ ማለት ነው» ብሎ ሳቀብን። ከላይ ከተማው ሁሉ ታየ፣ ቆርቆሮው፣ ባሕር ዛፉ። ጋሻው አርዲቦ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። ወደ ሰሜን ጠቆምኩት። ወደዚያው ሲያይ ቆየ።

«እማዬን በእግራችን ዞርን በያት» አለኝ ሳያየኝ። «አንዲት መሬት አገኘች፤ የሚያርስላት እንደሌለ አሁን አትስማ። ስመጣ ራሴ እነግራታለሁ።»

እሺ አልኩት። ለእናት ወላሂ፣ ለልጅ እሺ።

አገሬ ስገባ እማማ ወሰኔ ከእናቴ ቀድመው ቤት ጠበቁኝ፤ ውሃ አሙቀው፣ ገበቴ ይዘው። የመንገደኛ እግር ይታጠባል፣ ወጉ ነው፤ ግን ልጅ ያጥባል እንጂ እናት የምታህል ሴት የልጅ እግር አታጥብም። እምቢ አልኩ። እሳቸው ግን ተንበረከኩ። እንዴት ነው አሉኝ፣ ደህና ነው አልኩ፤ ከተማውን ዞርን አልኩ፣ በእግራችን።

«እነዚህ ናቸው ከልጄ ጋር የዞሩት» አሉና እግሬን በሁለት እጃቸው ያዙት። «የሱስ እግር? ያ የቀኙ ቶሎ ይሰነጠቅ ነበር። ጫማ አለው?»

አልቻልኩም። ልጆቼ፣ እግሬ በእጃቸው ውስጥ ሆኖ እንዴት ልዋሽ? ሁሉንም አወጣሁት። እጃቸው ውሃው ውስጥ ቆመ። ኋላ ሌላውን እግሬን አነሱና ማጠብ ጀመሩ።

«አንቺ ነሽ የገፋሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሳቀ ወይ?»

የቁልቁለቱን ነገርኳቸው፣ ጫማው፣ ሊስትሮው፣ እንባው እስኪወርድ እንደሳቀ። በነጠላቸው እግሬን አደረቁልኝ።

«መሬቷን ሰው ያርሳታል፤ መሳቁን ማን ይስቅልኝ ነበር» አሉ። ያኔ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ።

መሬቷን ሰፈሩ ተሰብስቦ አረሳት፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በየዓመቱ። ጋሻው ክራንች ይዞ ሲመጣ እኔ አፍሬ እናቴ ጀርባ ቆምኩ። እሱ ግን አየኝ።

«ነግረሻታል አይደል?» አለኝ።

«ጋሻው፣ እግሬን አጠቡኝ እኮ» አልኩት።

«እንዲያማ ከሆነ እኔም አልችል ነበር» ብሎ ሳቀ።